ጨው ነበር ይባል

«ውሃው ጨው ነበር እላለሁ፤ አበቃ። እህትሽ አይደለች? ማን ጋ ሄዳ ትከሰኛለች?»

ሙሉመቤት ይህን የሰማችው አንዱን ጫማዋን አጥልቃ ሌላውን ከአልጋው ሥር ስትፈልግ ነው። በእሷ ክፍልና በእህቷ ቤት መካከል ያለው አንድ ቺፑድ ብቻ ነው፤ እሱንም የአሰብ ወበቅ አሳብጦት ከታች ተልጧል። ወዲያ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ያለው ይማርህ ይላል። ድምፁ የብርሃነመስቀል ነው፤ የታናሽ እህቷ የፍሬሰላም ባል፣ ኮንትራክተሩ። ሙሉመቤት እህቷ ምን እንደምትመልስ ልስማ ብላ እንዳጎነበሰች ቆየች። ማንኪያ በብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ፤ ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀም በኋላ ዝም ብሎ ይዞራል። ከዚያ «ዳቦ ልጨምርልህ?» አለችው።

ነገሩ የታንከሩ ነገር ነው። ከካምፖ ሱዳን በላይ ባለው ሜዳ፣ የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ለሰፈሩ ቦኖ ላውጣ ብሎ በአራት የአርማታ እግር ላይ የቆመ የውሃ ታንከር አሠራ። ጨረታውን ያሸነፈው ብርሃነመስቀል ነው፤ ለሥራው ውሃ ያቀረበችው ሙሉመቤት። ባሏ ካሣ ከረዳትነት ወደ ሹፌርነት ባለፈ በዓመቱ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከቀረ ወዲህ እንጀራዋ ሁለት አህያና አንድ ጋሪ ነው፤ ከከተማው ዳር ካለው የውሃ ማደያ የሚጠጣ ውሃ ትቀዳለች፣ በርሜሉን በስምንት ብር፣ ጀሪካኑን በሳንቲም ትሸጣለች። የሰፈሩ ሴቶች «ቦኖ ሲወጣ ማን ሊገዛሽ ነው?» ሲሏት «እስኪወጣ እበላለኋ!» ትል ነበር። ታንከሩ አልቆ ሊሞላ ሲል ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰውዬ ወለሉ ላይ ነጭ ነገር እንደ ሻጋታ ወጥቶ አየ፤ ፈልፍሎ ወሰደው፣ አስመረመረው፣ ጨው ሆኖ ተገኘ። የባሕር ውሃ የገባበት አርማታ ውስጡ ያለውን ፌሮ ያዝገዋል፤ የዛገ ፌሮ ደግሞ አንድ ቀን ይበጠስና ታንከሩ የሚወድቀው ለውሃ በተሰለፉ ሴቶችና ልጆች ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ክፍያውን ያዘ። ብርሃነመስቀል «አልተከፈለኝም» ብሎ የአሥራ አንድ ሠራተኛ የሁለት ወር ደሞዝ ያዘ፤ የሙሉመቤትንም የውሃ ዋጋ ያዘ። ፍርድ ቤት ከሚሄድ በሽማግሌ ይለቅ ተባለና ቀጠሮው ለዛሬ ከቀትር በኋላ ሐጂ ሳኒ መጋዘን ሆነ።

ሁለተኛውን ጫማ አገኘችውና አልጋው ላይ ተቀመጠች። ገንዘቡ ገንዘብ ነው፤ የአህዮቹ ገለባ በዱቤ ነው፣ የጋሪው ጎማ ከተለጠፈ ወዲህ እንደገና ተልጧል። ያስጨነቃት ግን እሱ አይደለም። አሰብ ላይ ጨው ውሃ ሸጠች የተባለች ሴት ከዚያ በኋላ ምን ትሸጣለች? ስጋ ሻጭ አንድ ቀን ቢበላሽበት በማግስቱ ሌላ በሬ ያርዳል። ውሃ ግን ዓይን አያየውም፣ ውሃ የሚሸጠው በአመኔታ ነው። «እኔ የዚህ ሰውዬ ማምለጫ አልሆንም» አለች ጮክ ብላ። በቺፑዱ ወዲያ ማንኪያው ቆመ።

ውሃዋን በሥራው ቦታ ተረክቦ ወደ በርሜል ሲያስገለብጥ የነበረው ካቦው ጀዕፈር ነው፤ የበይሉል አፋር፣ ረጅም፣ ጥርሱ በመፋቂያ የነጣ። እሱ አንድ ቃል ቢናገርላት ነገሩ ያበቃል። አህዮቹን ጠመደችና ወጣች። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ጠጠር እንደተበተነበት መንጣጣት ጀምሯል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ራሱ ከምድጃ እንደወጣ ነው። ሠራተኞቹ ታንከሩ ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈው ተጋድመዋል። ሥራ የላቸውም፤ ትተው እንዳይሄዱ ገንዘባቸው እዚያ ነው። ግማሾቹ አፋሮች፣ ግማሾቹ ከደጋ የወረዱ ልጆች ናቸው።

«ሰላም ዓለይኩም፣ ጀዕፈር።»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ሙሉ። ገንዘብ ይዘሽ መጣሽ ወይስ ወሬ?»

«ወሬ ነው።»

«ይሁን። ወሬ እንኳ ለሁሉም ይዳረሳል።» ተጋድመው የነበሩት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ጀዕፈርም ፊቷን አይቶ ተነሣና ከሰዎቹ ራቅ አድርጎ ወሰዳት። የሰማችውን ነገረችው። ዛሬ መጥቶ ውሃዋ የሚጠጣ እንደነበር እንዲመሰክርላት ጠየቀችው።

«ውሃሽ ጣፋጭ ነበር» አላት። «እኔ ራሴ ጠጥቼዋለሁ።»

«ይኸንኑ በልልኛ።»

«ጣፋጭ ከነበረ የት ገባ ይሉኛል።»

«የት ገባ?»

ጀዕፈር መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ በይሉል መንገድ ጠቆመ። እዚያ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ እህቱ ከውሰር ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሰፍራለች። ከሰኔ ወዲህ ጉድጓዳቸው መረረ፤ ፍየል አፉን ነክሮ ይመለሳል አለ። ነገሩን ሲነግራት እንደ ጥፋት አልነበረም፣ ዝናብ ቀረ እንደሚል ሰው ነበር። «ወለሉን ስንሞላ በቀን ስድስት በርሜል ታመጪ ነበር። ስድስት በርሜል፣ ሙሉ! ሰው ልጁን ጉሮሮውን እያረጠበ በሚያስተኛበት አገር፣ ለድንጋይ። እጄ እምቢ አለኝ። ባሕሩ ደግሞ ይኸው፣ ቅርብ ነው፤ እሱም ውሃ ነው። ሲሚንቶ ምን ያውቃል አልን።»

«ማነው ያለው?»

«ሁላችንም። የደጋ ልጆችም አሉበት። አንድ እንኳ ‹ተው› ያለ የለም። ፌሮ ይበላል ብሎ የነገረን ሰው የለም። ብርሃነ ቢኖር ይነግረን ነበር፤ እሱ የአንድ ነጋዴ ቪላ ይሠራል።»

ሙሉመቤት ዓይኗ በርሜሎቹ ላይ ቀረ። አስታወሰች። የአፋር ሴቶች ጀሪካን ይዘው በበርሜሎቹ አጠገብ ተደርድረው ስንት ቀን አይታቸዋለች። አንዷን፣ ልጅ በጀርባዋ ያዘለችውን፣ እንዳይፈስባት ጀሪካኑን ራሷ ይዛላታለች። ለቤት የሚሆን ጥቂት ተፈቅዶላቸው ነው ብላ ነበር እንጂ ሁሉም ይሄዳል ብላ አላሰበችም። ስንት ይሄዳል ብላ የጠየቀችም አልነበረችም።

«ብናገር ደሞዙ ለሁሉም ይቀራል» አለ ጀዕፈር። «እኔን ደግሞ የመንግሥት ንብረት አበላሸ ብለው ያስሩኛል።»

«እና እኔ ልዋጠው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ምን አልክ ታዲያ?»

«አላውቅም ነው ያልኩት።»

ሙሉመቤት የአህዮቹን ልጓም ሳበች። «እኔ ያንተን ነገር ቀምቼ አልናገርም» አለችው። «እያሳበቅሁ አላደግሁም። የራስህ አፍ አለህ፣ እዚያው ሽማግሌ ፊት ትናገራለህ። ወንድ አይደለህም?» ጀዕፈር መፋቂያውን ወደ አፉ መለሰ። ጋሪው ሲዞር ከጥላው ሥር አንዱ የደጋ ልጅ «እማማ ሙሉ፣ ዛሬ ይከፈለናል አይደል?» ብሎ ጮኸባት።

ምሳ ሰዓት ላይ ፍሬሰላም በሰሃን ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ገባች። እህትማማቾቹ እየተቀባበሉ መብላት ልማዳቸው ነው፤ የፍሬሰላም ቤት ፍሪጅ ስላለው በረዶ ከዚያ ይመጣል፣ ውሃ ከዚህ ይሄዳል። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ወንበር ብታመጣም ክፍሉ አይበቃም። ፍሬሰላም ከዓሣው ላይ እሾህ እየለቀመች ለእህቷ ታስጠጋላታለች። ሙሉመቤት እጇን ታያለች፤ አዲስ የወርቅ ቀለበት ነው፣ ባለፈው ወር አልነበረም። ብዙ ነገር ልትላት ትችል ነበር። ቺፑዱ ጆሮ እንዳለው ታውቂያለሽ ልትላት ትችል ነበር። ያለችው ግን «ዛሬ ሽማግሌዎቹ ምን ይሉ ይሆን?» ብቻ ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ብርሃነ ምንም አላለሽም?»

«እሱ የሥራ ነገር ቤት አያመጣም።» ፍሬሰላም እሾህ መልቀሟን አላቆመችም። ዓሣው አልቆ የቀረው አጥንት ብቻ ሲሆን እንኳ ጣቷ እየዞረ ይፈልግ ነበር። በወዲያ ቤት ፍሪጁ ተነሥቶ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፣ እንደገና ተነሣ። ሁለቱም እሱን የሚያዳምጡ መሰሉ። ፍሬሰላም ሰሃኑን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ልትዞር ነው አለች ሙሉመቤት በልቧ። «ሙቀቱ ዘንድሮ ባሰ» አለችና ወጣች።

የሐጂ ሳኒ መጋዘን ከሱቃቸው ጀርባ ነው፤ እስከ ጣሪያ የስኳርና የሩዝ ጆንያ ተከምሮ፣ መሃሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ አንድ ቬንቲላተር አንገቱን እያዞረ ለሁሉም ተራ በተራ ትኩስ አየር ያድላል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከደጋ መጥተው አሰብ ላይ ያረጁት ነጋዴ ሐጂ ሳኒ፣ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር ጋሽ ወልዴ፣ እና በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል የተከሉ አንድ የአፋር ሽማግሌ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰውዬ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሱ ነገር አጭር ነው። ጨው ማን እንዳገባ ይታወቅ፤ ኮንትራክተሩ ካልሆነ ወለሉ ብቻ ፈርሶ ይሠራና የቀረው ይከፈላል፤ ካልታወቀ ግን ምንም አይከፈልም። ሠራተኞቹ በሩ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። ጀዕፈር ግን ካቦ ስለሆነ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ብርሃነመስቀል ተነሥቶ ተናገረ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። እትዬ ሙሉ እንደ እናቱ እንደሆነች፣ ይህን ሲናገር ልቡ እንደሚያዝን፣ ግን እውነት እውነት እንደሆነ አስረዳ። ከማደያው ወረፋው ረጅም ነው፤ ከባሕሩ ዳር ካለው ጉድጓድ ግን ያለ ወረፋ ይቀዳል። እሷም ደከማት፤ ሴት ናት። «ደግሞም» አለ፣ ወደ ምንጣፉ እያየ፣ «ቦኖው መውጣቱ እንጀራዋን እንደሚነካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህን ያደረገችው ለዚያ ነው አልልም። አልልም።»

«ብለኸዋል እኮ!» አለች ሙሉመቤት።

ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን በፎጣ ጠረጉ። «ኧረ አሰብ ላይ ጨው ያልሆነ ምን አለ? እኔን ራሴን ብትልሱኝ ጨው ነኝ!» መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ሳይቀር ፈገግ አለ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ያየው እሷን ነበር።

«እኔ መናገር አላውቅም» አለች፤ «ሦስተኛን አልጨረስኩም። ውሃዬ የሚጠጣ ውሃ ነው። ከዚያ ከማደያው ሌላ የትም ቀድቼ አላውቅም። ይኸ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ሥራው ላይ አልነበረም፣ የሰው ቪላ ይሠራ ነበር። ያልነበረ ሰው የውሃውን ጣዕም ከየት ያውቀዋል?»

ሐጂ ሳኒ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈራጅነት ያረጀባቸው ሰው ናቸው፤ ቸኩለው አይናገሩም። «ጥሩ ጠየቅሽ፣ ሙሉመቤት። እኔም ልጠይቅሽ። ውሃሽ የሚጠጣ ከነበረ፣ ታንከሩ ደግሞ ጨው ከሆነ፣ ውሃሽ የት ገባ? ያየሽው ካለ እዚሁ ተናገሪ።»

ቬንቲላተሩ ዞሮ ፊቷን መታት፣ አልፎ ሄደ። ጀዕፈርን አየችው። ጀዕፈር ሸበጡን ያያል። በሩ ላይ ያሉት ሠራተኞች አንገታቸውን አሰገጉ፤ ጠዋት የጮኸባት የደጋ ልጅ አፉ ተከፍቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሴቶቹ ወሰዱት ብትል ያበቃል። እልኋ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ራሱ ይናገር ብላለች፣ ራሱ ይናገር። ጠበቀች። ሐጂ ሳኒ ጠበቁ። ጀዕፈር ከሸበጡ ላይ አሸዋ አራገፈ።

«የማውቀውን ተናገርኩ» አለች ሙሉመቤት በመጨረሻ። «የቀረውን የሚያውቅ ይናገር።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ጆንያዎቹ ጥግ ሄደው ተማከሩና ተመለሱ። ሐጂ ሳኒ የወሰኑትን ሲናገሩ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው፣ ሕመምተኛ እንዳለበት ቤት። የሙሉመቤት የውሃ ዋጋ ለወለሉ ማሠሪያ ይሁን። ኮንትራክተሩ ወለሉን አፍርሶ ይሥራ። መሥሪያ ቤቱ የቀረውን ይክፈል፤ የሠራተኞቹ ደሞዝ ዛሬውኑ ከሐጂ ሳኒ ሱቅ በብድር ወጥቶ ይሰጥ። ሙሉመቤትም እህት ናት፣ ብርሃነም ወንድም ነው፣ ክፉ አይናገሩ። «ተነሡና ተሳሳሙ» አሉ።

ሙሉመቤት አልተነሣችም። ብርሃነመስቀል በፊቷ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ዕርቁ ካልታተመ ደሞዙ አይወጣም፤ ይህን በሩ ላይ ያሉት አሥር ራሶች ሁሉ ያውቁታል፣ ዓይናቸውም እሷ ጉልበት ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሻይና ዳቦ በዱቤ የበሉ ልጆች ናቸው። ተነሣች። ትከሻዋን ሰጠችው፣ እንደ ግንድ። ሐጂ ሳኒ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ጋሽ ወልዴ አሜን አሉ፣ የአፋሩ ሽማግሌም በቋንቋቸው መረቁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ያን ጊዜ ጀዕፈር ተነሣ።

«ቆዩ» አለ። «ውሃውን የለወጥኩት እኔ ነኝ። የሷ ውሃ ጣፋጭ ነበር። ለሰዎቻችን ሰጠሁት፣ ለሲሚንቶው ከባሕር ቀዳሁ። እኔ ነኝ።»

የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ወረቀቱን ወደ ቦርሳው እየከተተ ነበር፤ እጁ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ፣ ዘለበቱን ቆለፈ። «እኔ ጨርሻለሁ» አለ ለማንም ሳይሆን። ብርሃነመስቀል የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክላል። የአፋሩ ሽማግሌ በትራቸውን አንሥተው የጀዕፈርን እግር ቀስ አድርገው መቱትና በቋንቋቸው ሁለት ቃል ተናገሩት።

ሐጂ ሳኒ ወደ ጀዕፈር ዞሩ። «ልጄ፣ ዕርቁ ተመርቋል» አሉ። «አላህ አንዴ የሰማውን እኔ ፍቼ ድጋሚ አላሰማውም። አሁን አንተን ብንሰማህ እነዚህ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ፣ አንተም ትታሰራለህ፣ ታንከሩም ቆሞ ይቀራል። ጨው ነበር ይባልና ይለፍ። ተቀመጥ።»

ጀዕፈር ወደ ሙሉመቤት ዞረ። እሷም አየችው፤ አንድ ቃል ብትጨምርለት ቆሞ እንደሚቀር ታያለች። በሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። አንዱም እንኳ «እውነት ነው» አላለም።

ጀዕፈር ተቀመጠ።

ከዚያ መጋዘኑ ባንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። ሠራተኞቹ ገቡ፣ ተገፋፉ፣ ሐጂ ሳኒ ስም እየጠሩ ብር ሰጡ፣ ጋሽ ወልዴ ሌላ ቀልድ ጀመሩ። ሙሉመቤት ወደ ጋሪዋ ወጣች። ጀዕፈር ተከትሏት ወጥቶ፣ የደሞዙን ብር ጠቅልሎ በጋሪው ሳንቃ ላይ አስቀመጠ። ብሩን አየችው። «አንሣው» አለችው። «በሰው ፊት ያልሆነልኝን ነገር በጓሮ አልቀበልህም።» አላነሣውም። እሷ አንሥታ ኪሱ ውስጥ ከተተችለትና አህዮቹን ነዳች።

ማደያው ሄዳ ሞላች፤ ሌላ ምን ታድርግ፣ አመሻሽ ላይ ሰው ውሃ ይፈልጋል። ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወጥተዋል። ወደ ጋሪው የተጠጋች ግን የለችም። ከግድግዳው ጥላ ተደግፈው ቆመው፣ ስለ ሙቀት ያወራሉ። ወሬው ቀድሟት ገብቷል። ሙሉመቤት ባልዲውን ሞልታ ጋሪው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። ከመካከላቸው አንዷ ሳል አለች። አንዷ ጀሪካኗን ወደ ሌላኛው እጇ አዘዋወረች።

ፍሬሰላም ከቤቷ ወጣች፤ ብርሃነመስቀል በሸሚዙ እንዳለ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆሟል። ፍሬሰላም ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። ወደ ሴቶቹ አየች፣ ወደ ባሏ አየች፣ ወደ እህቷ ግን አላየችም። ከዚያ ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነክራ ላሰችው።

ሙሉመቤት እስክትጨርስ ጠበቀቻት። «እንዴት ነው?» አለቻት።

«ደህና ነው።»

«ጨው ነው ጣፋጭ?»

«ጣፋጭ ነው፣ እትዬ» አለች ፍሬሰላም በትንፋሿ።

«ጮክ በዪ። አልሰማሁሽም።»

ፍሬሰላም ጮክ አላለችም። ሙሉመቤት የሞላችላትን ጀሪካን አንሥታ ክዳኑን ሳትገጥም፣ እግሯ ላይ እየፈሰሰባት ገባች። በሩ ተዘጋ። ከጥላው ሥር መጀመሪያ ላይ የቆመችው ሴትዮ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ደንበኛዋ የሆነችው፣ ወደ ጋሪው መጣች፤ ጀሪካኗን ግን ከኋላዋ ይዛ፣ የሌላ እጇን ጣት ወደ ባልዲው ዘረጋች።

ሙሉመቤት ባልዲውን አስጠጋችላት።